«የባሕር ሙቀት ማዕበል» ያላችሁት ማዕበል አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ውቅያኖሶች መሞቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ባሕር ለማያውቅ ደገኛ አንባቢ እንዲህ ያለ ጉዳይ ማቅረባችሁ ደግ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች አንባቢን ያሳስታሉ ብለን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። አንዱ የባሕር ውሃ ለቀናት ከልማዱ በላይ መሞቁን «የባሕር ሙቀት ማዕበል» ያላችሁበት ቃል ነው፤ ሌላው «ባሕሩ 30 ዲግሪ ደረሰ» የሚለው ቁጥር ምንም ማነጻጸሪያ ሳይኖረው ብቻውን መቅረቡ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። በየብስ ላይ ለቀናት የሚዘልቅ ኃይለኛ ሙቀት «የሙቀት ማዕበል» መባሉን ለምደነዋል፤ ይሁን። በላዩ ላይ «ባሕር» ሲጨመርበት ግን ሰው የሚታየው የሚናወጥ ውሃና መርከብ የሚገለብጥ ሞገድ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ይህ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ነፋስ ሲያርፍ፣ ሰማይ ሲጠራና ባሕሩ ጸጥ ሲል ነው፤ ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው አንዳች ነገር አያይም። እኛ «የባሕር ሐሩር» ቢባል እንመርጣለን። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ በዚሁ ዓምድ ያቅርብ፤ እስከዚያው ግን ሐሩር እያልን እንቀጥል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ 30 ዲግሪ ለየትኛው ባሕር ነው? በየትኛው ወር? የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን የሚያስረዳው አያስፈልገውም። 27 ዲግሪ ለደብረ ብርሃን ሰው ጋቢ የሚያስጥል እንግዳ ቀን ነው፤ ለሸዋ ሮቢት ሰው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ከሰዓት በኋላ። ባሕርም እንዲሁ ነው። የቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል በሐምሌና በነሐሴ 31 ዲግሪ ቢደርስ ልማዱ ነው፤ በአላስካ ዳርቻ ግን 15 ዲግሪ ራሱ ለዓሣና ለሸርጣን መከራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የባሕር ሐሩር የሚለካው ከዚያው ቦታ፣ ከዚያው ወቅት ልማድ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን መለኪያ የባሕር ተመራማሪው አሊስቴር ሆብዴይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 አቅርበውታል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለአንድ ቦታ ቢያንስ የ30 ዓመት ዕለታዊ የባሕር ገጽ ሙቀት ይሰበሰባል። የሳተላይት መዝገቡ የሚጀምረው በ1981 መጨረሻ ስለሆነ ብዙዎች ከ1983 እስከ 2012 ያለውን ይወስዳሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት አምስት አምስት ቀናት ጋር ተደምሮ፣ ሁለት ነገር ይሰላል፤ አማካዩ፣ እና ከ100 ቀናት ውስጥ 10ሩ ብቻ የሚያልፉት ወሰን። የዕለቱ ሙቀት ይህን ወሰን አልፎ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ ከቆየ የባሕር ሐሩር ይባላል። በመካከል አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ቢረግብና መልሶ ቢያገረሽ እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል። አራት ቀን ብቻ ከሆነ አይቆጠርም፤ ሞቃት ቀናት እንጂ ሐሩር አይደለም።

ጥንካሬው የሚታወቀው በአማካዩና በወሰኑ መካከል ባለው ርቀት ነው። ለምሳሌ የዕለቱ አማካይ 26፣ ወሰኑ 27 ቢሆን ርቀቱ 1 ዲግሪ ነው። ከ27 እስከ 28 መካከለኛ፣ ከ28 እስከ 29 ብርቱ፣ ከ29 እስከ 30 ከባድ፣ ከ30 በላይ እጅግ የከፋ ይባላል። ይኸው 30 ዲግሪ አማካዩ 29.5 በሆነበት ባሕር ዜና እንኳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ማነጻጸሪያው 30 ዓመት ሲለወጥ የክስተቶቹ ብዛትም ይለወጣል። ከ1983–2012 ጋር ያነጻጸረ ሰው ብዙ ሐሩር ይቆጥራል፤ በመሞቅ ላይ ከነበረው ከ1991–2020 ጋር ያነጻጸረ ደግሞ ያንኑ ባሕር እያየ ያነሰ ይቆጥራል። ሁለቱም አልዋሹም፤ አንዱ ባሕሩ ከቀድሞው ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል፣ ሌላው ከቅርብ ዓመታት ልማድ የወጣውን ድንገተኛ ነገር። ሁለት ዘገባዎች ሲጋጩባችሁ መጀመሪያ የማነጻጸሪያውን ዓመታት ተመልከቱ። ሳተላይቱም ቢሆን የሚያየው የውሃውን ቆዳ ብቻ ነው። በሙቀት ጨረር የሚለካው መሣሪያ በደመና ይጋረዳል፤ ደመና አልፎ የሚያየው ማይክሮዌቭ ደግሞ በዳርቻ አካባቢና በከባድ ዝናብ ላይ ይደናገራል። የሥሩን የሚነግሩን አርጎ የሚባሉት ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ናቸው። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያርፍና በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ወርዶ፣ ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ወደ ላይ ይወጣና ውጤቱን በሳተላይት ይልካል።

ባሕሩ ለምን ይሞቃል? በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ ሲሆን ዋናው ተጠያቂ ብዙ ጊዜ የነፋስ መድከም ነው። ነፋስ ላይኛውን ውሃ ከሥሩ ጋር ያማስለዋል፤ በትነትም ያቀዘቅዘዋል። ሲያርፍ ሁለቱም ይቀራሉ። ሒሳቡን ሠርተነዋል። ነፋሱ እስከ 60 ሜትር ድረስ እያማሰለ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከተለመደው በላይ 50 ዋት ቢገባ፣ በ20 ቀን ውሃው 0.35 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሞቃል። ነፋሱ ደክሞ የሚማሰለው የላይኛው 20 ሜትር ብቻ ከሆነ ያው 50 ዋት በ20 ቀን 1 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ፀሐዩም ቀኑም አንድ ነው፤ የሳሳው የሚማሰለው ውሃ ነው፤ በድስት ውስጥ ያነሰ ወጥ ቶሎ እንደሚሞቀው። ከዚህ ሌላ የሞቀ ውሃ በጅረት ተገፍቶ ሊመጣም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በምዕራብ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር መውጣቱን ሲያቆምም እንዲሁ ይሞቃል፤ በኤል ኒኞ ጊዜ በምሥራቅ ፓስፊክ የሚሆነው።

ታዲያ የአየር ንብረት ለውጥ የት ገባ? ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ሆኖ አገኘው፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህ ጋዝ ወደ ጠፈር ይወጣ የነበረውን ሙቀት ስለሚያስቀር ምድር ከምትሰጠው በላይ ትቀበላለች። ትርፉ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአማካይ በካሬ ሜትር 0.8 ዋት ያህል ነበር። ለጆሮ ትንሽ ነው፤ 7 በ8 ሜትር በሆነ የመማሪያ ክፍል ላይ አንድ 45 ዋት አምፖል ሌት ተቀን እንደማብራት ማለት ነው። በመላው የምድር ገጽ ላይ ሲባዛ ግን የታላቁ ሕዳሴ ግድብን 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጩ ወደ 79 ሺህ ግድቦች ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ የሚሰጡትን ኃይል ያህላል። ከዚህ ትርፍ ከመቶ 90 የሚሆነውን የሚውጠው ባሕር ነው።

ባሕር ይህን ሁሉ ሊውጥ የቻለበት ምክንያት የውሃ ጠባይ ነው። አንድ ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቀው ኃይል ከ3,000 ሊትር በላይ አየርን በ1 ዲግሪ ያሞቃል። ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀም ቶሎ አይበርድም። የሸክላ ድስት ከምድጃ ወርዶም ሲንተከተክ እንደሚቆየው ነው። በዚህ የተነሳ የባሕሩ ሙቀት ለረጅም ጊዜ እያሳሳቀ ሄዶ፣ ከ1850–1900 አማካይ ጋር ሲነጻጸር በ2011–2020 በ0.88 ዲግሪ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

«ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነገር ምን ያስጮኻል?» ለሚል አንባቢ ይህን እናስላለት። የአንድ ባሕር ዕለታዊ ሙቀት በአማካዩ ዙሪያ በተለመደው የደወል ቅርጽ ይበተናል እንበል፤ ወሰኑም ከአማካዩ 0.9 ዲግሪ ከፍ ይበል። ድሮ ከ100 ቀን 10 ቀን ወሰኑን ያልፋል። አሁን ባሕሩ በሙሉ በ0.9 ዲግሪ ቢሞቅ አዲሱ አማካይ የድሮው ወሰን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ከ100 ቀናት ውስጥ ወሰኑን የሚያልፉትም ከ10 ወደ 50 ያድጋሉ። ነፋሱ አልተለወጠም፣ ፀሐይዋም አልበረታችም። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ቡድን ከ1980ዎቹ ወዲህ የባሕር ሐሩር ድግግሞሽ በእጥፍ ያህል ጨምሯል ሲል የገለጸው በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ ከሥሩ ጋር መማሰሉን ያከብደዋል፤ ይህም ቀደም ብለን ያልነውን፣ ሳስቶ ቶሎ የሚሞቀውን የላይኛውን ውሃ ያበዛል።

ስለዚህ «ይህን ሐሩር ያመጣው ኤል ኒኞ ነው ወይስ የአየር ንብረት ለውጥ?» የሚለው የጽሑፋችሁ ጥያቄ ራሱ ጠማማ ነው። ሐምሌን ሙሉ ውሃ የጠገበ መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ አንድ የነሐሴ ዶፍ ሲወርድበት ማሳው ውሃ ይተኛበታል። ያበላሸው ዶፉ ነው ወይስ ቀድሞ የጠገበው ውሃ? ገበሬ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለቱንም ያውቃልና ፈሰሱን አስቀድሞ ያወጣል።

ጉዳቱን በአጭሩ እንለፈው፤ የኮራሉን ነገር ግን በቁጥር መናገር ይገባል። ኮራል የሚባለው፣ በባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖረው እንስሳ፣ በውስጡ በሚኖር ጥቃቅን አልጌ ይመገባል፤ ሙቀት ሲበዛ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል። ወዲያው አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከረገበ ሊያገግም ይችላል። ባለሙያዎች የሚቆጥሩት የሙቀት ሳምንት በሚባል መለኪያ ነው። የዚያ ቦታ ሞቃታማ ወር አማካይ 29 ዲግሪ ከሆነ፣ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆኑት ሳምንታት ብቻ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱም ከ29 ባለፈው ዲግሪ ይባዛል። 30 ላይ አራት ሳምንት ቢቆይ 4 ይሆናል፤ 31 ላይ አራት ሳምንት ቢቆይ 8። 29.8 ላይ ወር ሙሉ ቢቆይ ዜሮ ነው። ድምሩ የሚወሰደው ከመጨረሻዎቹ 12 ሳምንታት ነው። 4 ሲደርስ ጉልህ መንጣት፣ 8 ሲደርስ ሞት ይጠበቃል። በሚያዝያ 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ በይፋ ተነግሯል። በቤሪንግ ባሕር ደግሞ ከ2018ቱ ሙቀት በኋላ ወደ 10 ቢሊዮን የሚጠጋ ሸርጣን ጠፍቶ በ2022 ማጥመዱ ተዘግቷል። ሙቀቱ የሸርጣኖቹን የምግብ ፍላጎት አናረው፣ መኖሪያቸውንም አጠበበው፤ ዋናው ገዳይ ረሃብ ነው ተብሎ ይታመናል።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ከደብረ ብርሃን እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ዝናባችንን የሚወስነው ያ ቅርቡ ባሕር ብቻ አይደለም። እዚህ አካባቢ ደጋግመን የምንሰማው አሳሳች ሐሳብ አለ፤ «ባሕር ከሞቀ ትነት ይበዛል፣ ትነት ከበዛ ለእኛም ዝናብ ይበዛል» የሚል። ግማሹ እውነት ነው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ዝናብ የሚጥለው ግን አየሩ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ነው። በኤል ኒኞ ጊዜ መካከለኛውና ምሥራቁ ፓስፊክ ሲሞቅ አየሩ እዚያ ይወጣል፤ በእኛ ላይ የክረምቱ ዝናብ ይዳከማል። በ2015 እንዲህ ሆኖ በአገሪቱ የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

በልግ ደግሞ ሌላ ባሕር ይመለከታል። የመንዝና የጣርማበር አካባቢ የበልግ ገብስ እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረቢያ ባሕር ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከ1901 እስከ 2012 በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሞቃት ወራት (በእኛ ክረምት) 1.2 ዲግሪ ያህል ሞቋል፤ ከሐሩር ክልል ባሕሮች ሁሉ ፈጥኖ የሞቀ እሱ ነው። በማዳጋስካር ዙሪያ ውሃው ሞቆ በየካቲትና በመጋቢት ሳይክሎን ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳባል፤ በልጉም ይሳሳል። ሳይክሎን የሚወለደው ከ26.5 ዲግሪ ገደማ በላይ በሆነ ባሕር ላይ ነው። ስለዚህ የበልግ ገበሬ ኤል ኒኞን ብቻ እየተከታተለ ይህን ባሕር ቢዘነጋ ግማሹን ወሬ ብቻ ሰማ ማለት ነው።

ለመኸር አጨዳ የሚያሰጋው ሦስተኛው ነገር የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ነው፤ በምዕራቡና በምሥራቁ ክፍል መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት። ምዕራቡ ከልማዱ ሞቆ፣ ምሥራቁ ቀዝቅዞ የልዩነቱ መለኪያ ከ0.4 ዲግሪ በላይ ለስምንት ሳምንት ያህል ከቆየ አዎንታዊ ይባላል። ያን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይበዛል። ክብደቱ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ወደ እኛ ሲደርስ ይሳሳል፤ ግን በምንጃር የታጨደ ጤፍ ሜዳ ላይ ሳለ፣ በቀወት ማሾ ደርሶ ሳለ ሁለት ቀን ያለ ጊዜው ቢዘንብ በቂ ጉዳት ነው። በ2019 ይህ መለኪያ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀደም በ2018 ሜኩኑና ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች በአረቢያ በረሃ ላይ ያዘነቡት ውሃ የበረሃ አንበጣውን አራብቶ፣ መንጋው በ2019 እና በ2020 ምሥራቅ አማራ ድረስ ዘልቆ እንደገባ አንባቢ አይረሳውም።

መለኪያው ወደ አዎንታዊ ሲያዘነብል ምን ይደረጋል? የደረሰውን ማሳ እንደደረሰ ማጨድ፤ ሁሉም እስኪደርስ አለመጠበቅ። ነዶውን ሜዳ ላይ ሳያሳድሩ ከፍ ወዳለ ቦታ ማጋዝ። ከክምሩ ሥር ድንጋይና እንጨት መደልደል፣ ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ አድርጎ መከመር፣ አናቱን ማሾል፣ ዙሪያውን ፈሰስ መቆፈር። ሸራ ማልበስ ጥሩ ነው፤ ግን እርጥብ ነዶ ላይ ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማልበስ ከዝናቡ የባሰ ያጠፋል፤ ውስጡ ይግልና ይሻግታል። ፀሐይ በወጣ ቁጥር መግለጥ ነው። የክረምቱ ትንበያ ወደ እርጥብ ሲያጋድል ደግሞ በመረሬው ላይ ቢቢኤም በሚባለው፣ በሬ በሚጎትተው የሰፊ መደብ ማውጫ መደብ ማውጣት፣ ወደ ደረቅ ሲያጋድል ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥ።

ትንበያውንም እንዴት እንደሚነበብ ጋዜጣው ቢያስረዳ እናመሰግናለን። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ብሎ በሦስት ዕድል ይከፍለዋል። «ከመደበኛ በታች 45 ከመቶ» ማለት ዝናቡ በ45 ከመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ምንም መረጃ ባይኖር ለእያንዳንዱ 33 ከመቶ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ሚዛኑ ወደ ደረቁ አጋድሏል፣ ግን ከመቶ 55 ሌላ የመሆን ዕድል አለው። ይህን ቁጥር እንደ ቅናሽ አድርገው ያወጡ ዘገባዎችን አይተናል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለ ባሕር ሙቀት በጻፋችሁ ቁጥር አራት ነገር አትዝለሉ፤ የትኛው ባሕር፣ ከየትኞቹ ዓመታት ጋር ተነጻጽሮ፣ ከልማዱ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ቀን። ከየወቅቱ በፊትም የሦስቱን ባሕሮች ሁኔታ የያዘች የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን ከትንበያው ጎን ብታወጡ፤ ለበልግ የማዳጋስካርን ዙሪያና የአረቢያ ባሕርን፣ ለክረምት ፓስፊክን፣ ለመኸር አጨዳ የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖልን። የበልግ ትንበያ የሚወጣው በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ነውና፣ የመጀመሪያዋ ሳጥን ለጥር እትም ብትደርስ የመንዝ ገበሬ ማሳውን ሳያለሰልስ ያያታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች፣
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ